የቤት እንግሊዝኛ

ሰርካዲስ እንግሊዝኛ የተማረችው ኮረሪማ እየፈለፈለች ነው። ሚዛን ተፈሪ ገበያ ኮረሪማ፣ ዝንጅብልና እርድ ትሸጣለች፤ ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትታለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ናት። ትርፏን ክፍል የተከራየቻት ኬት የምትባል የእንግሊዝ አገር ልጅ ነበረች። የጫካ ቡና ታጠናለች፤ ጠዋት ወደ ሸኮ ጫካ ወጥታ ማታ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ትመለሳለች። ከዚያ ሁለቱ በረንዳ ላይ ይቀመጡና አንዷ ትፈለፍላለች፣ አንዷ ደግሞ ላግዝሽ ብላ ታበላሻለች። አማርኛ ልማር ያለችው ኬት ነበረች። ሲያወሩ ሲያወሩ ግን ቋንቋው ወደ ሁለቱም ሄደ።

እንዲህ ያለ ትምህርት የሚያስተምረው የቤት ነገር ነው። ኬት ከሰርካዲስ የቀዳችው አማርኛ «ነይ»፣ «ብይ»፣ «ውይ፣ አንቺ ሞኝ!» ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡትን የእድሩን ጸሐፊ መምህር ሳህሉን መንገድ ላይ አግኝታ «ሳህሉ፣ እንዴት አደርክ?» ብላ ሰፈሩን አሳቀችው። ሰርካዲስ ልታርማት ሞክራ ነበር። ነገር ግን እሷ ራሷ ከሸኮና ከቤንች ገበሬዎች ጋር ስትገበያይ የኖረች ናት፤ ብዙዎቹ «አንቺ» ነው የሚሏት፤ አንቱታን የአማርኛ ጣጣ ነው ብለው ትተውታል፣ እሷም ተቀይማ አታውቅም። ስለዚህ እርማቱ ብዙም አልገፋ።

ለእሷ የደረሳት እንግሊዝኛም እንደዚያው ነው። ኬት ቃል የምትጨርስ ልጅ አልነበረችም። ልሄድ ነው ለማለት «አይም ጎና ጎ»፣ አላውቅም ለማለት «ደኖ»፣ እስቲ ልየው ለማለት «ለሚ ሲ»፣ ጠዋት ስትወጣ ደግሞ ማታ እንገናኝ ለማለት «ሲ ያ» ትላለች። ስምም አይቀራት፤ «ሰርካዲስ» ሲረዝምባት ጊዜ «ሰርኪ» አለቻት። ሰርካዲስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስትኖር ስሟን ያሳጠረላት ሰው አልነበረም፤ ባሏ እንኳ እስኪሞት ድረስ ሙሉውን ሲጠራ ኖሯል። ስም የሚያሳጥር ሰው ወይ የናቀ ነው ወይ የወደደ። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሰርካዲስ ብዙ አልተቸገረችም።

ኬት ለእረፍት አገሯ ሄደች፤ እዚያው በመኪና አደጋ ሞተች።

መርዶው ሲመጣ ሰርካዲስ ለቅሶ ልቀመጥ አለች፤ እድሩም ተሰበሰበ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሰዎቹ የተከራከሩት ተከራይ ዘመድ ናት ወይስ አይደለችም በሚለው ላይ ነው። በደንቡ ድንኳን የሚተከለው ለቤተሰብ ነው፤ ለተከራይ ከተተከለ ደግሞ ነገ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክፍል ያከራየ ሁሉ ድንኳን ሊጠይቅ ነው፣ አሉ አንዱ ሽማግሌ። በመጨረሻ መሃሉን ያዙ፦ አግዳሚ ይሰጣት፣ ድንኳኑ ይቅር። በማግስቱ የሚዛን ዝናብ እንደ ልማዱ ወረደ። ከለቀስተኛው ግማሹ በረንዳው ሥር ተጠጋ፣ ግማሹ ጃንጥላውን ዘርግቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ያን ቀን ሰርካዲስ አላለቀሰችም። ሻይ ስታቀርብ፣ አግዳሚ ከዝናብ ስታሸሽ ዋለች። እንባዋን የያዘባት ግን ዝናቡ አልነበረም። ሽማግሌው ያሉት ነገር ሆዷ ውስጥ ገብቶ ነው። ኬት እናት እያለቻት፣ አገር እያላት፣ አከራይ ምን ቤት ናትና ደረት ትመታለች? ኬት አገሯ ስትገባ ስለ እሷ ለእናቷ አንዲት ቃል ተናግራ ይሆን? ወይስ እዚያ ማዶ ሰርካዲስ የምትባል ሴት መኖሯን የሚያውቅ የለም? ይህን ማወቅ ፈለገች፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ወር ሳይሞላ የኬት እናት ሊመጡ ነው ተባለ። ማርጋሬት ይባላሉ፤ ልጃቸው የኖረችበትን ቤት በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ። እድሩ እንደገና ተሰበሰበ፤ አሁን ክርክር አልነበረም። እናት ሐዘንተኛ ናት፣ ከሩቅ የመጣ ሐዘንተኛ ሲገባ ደግሞ ለቅሶው እንደ አዲስ ይከፈታል። ድንኳኑ መጣ፤ ሰርካዲስ ግቢ ውስጥ ተተከለ። ለማን እንደተተከለ ሁሉም ያውቃል፤ ለእንግዳዋ ነው።

የማጽናኛ ንግግር በእንግሊዝኛ ይደረግ ተባለና ሳህሉ እንዲጽፉት፣ ሰርካዲስ የቤቱ ባለቤት ናትና እንድታሰማው ተወሰነ። ሳህሉ ቤቷ መጥተው ወንበር ሳቡ።

«እስቲ በመጀመሪያ በራስዎ አንደበት ይሞክሩት» አሏት።

«ዊ አር ሶ ሶሪ» አለች ሰርካዲስ፤ «ዊ ጎና ሚስ ኸር።»

ሳህሉ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጎና አይባልም፣ ወይዘሮ ሰርካዲስ።»

«ኬት ስትል ነው የሰማሁት።»

«ኬትማ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ነው። ጎና፣ ዎና፣ ጎታ የሚባሉት የቤት ልብስ ናቸው። በቤት ልብስ አደባባይ አይወጣም።»

«መቼ ነው ታዲያ የሚባሉት?»

ሳህሉ ደስ አላቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። «ከወዳጅ ጋር ይባላሉ። ከልጅ ጋር፣ ከእህትዎ ጋር በስልክ። ከማያውቁት ሰው ጋር፣ ከሹም ጋር፣ ከሐዘንተኛ ጋር ግን ሙሉው ነው። በጽሑፍማ አይሞከርም! ደግሞ ሴትየዋ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ አሉ። ምን ይሉናል?»

«ከሐዘንተኛዋ ጋር ወዳጅ ብሆንስ?»

«መጀመሪያ ይተዋወቋቸዋ!»

አልተሳሳቱም። ልክ ያልሆነ ነገር ከሳህሉ አፍ አይወጣም፤ የሰፈሩ ሰው የሚፈራቸውም ለዚሁ ነው። ሰርካዲስ ንግግሩን በቃሏ ያዘች። «ጎይንግ ቱ» ስትል ምላሷ እየተደናቀፈ፣ ወጥ እያማሰለች፣ ገበያ ሚዛን እየያዘች ስትለማመድ ሰነበተች። እርድ ሊገዛ የመጣ ሰው «ምን አሉ?» ሲላት «አንተን አይደለም» ትለዋለች።

ማርጋሬት ከጅማ በላንድክሩዘር መጡ፤ ሹፌሩ አሞጽ ይባላል። ረጅም፣ ነጭ ፀጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ፣ ሰማያዊ ኮታቸውን እስከ አንገት የቆለፉ ሴት ናቸው። በሩን ሲያልፉ ሴቶቹ እንደ ወጉ እሪ አሉ። እሳቸው ቆመው አዳመጡ፤ ለቅሶው ጋብ ሲል «በጣም አመሰግናለሁ» አሉ። ሰርካዲስ ተነስታ ንግግሩን አንድ ቃል ሳትስት ተናገረች። ሳህሉ ከኋላ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሏት።

ማርጋሬት እጇን ጨበጡ። «እጅግ በሚገባ የተሰናዳ ንግግር ነው» አሉ።

ሳህሉ ይህን ለጎረቤት ሁሉ ተረጎሙ፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ሰርካዲስ ግን ፈተና አልፋ የወጣች እንጂ ሰው ያጽናናች አልመሰላት።

ለነገሩ ማርጋሬት የሚጽናኑ ዓይነት አልነበሩም። የኬትን ክፍል ከፍተው አዩ፤ አልጋው ላይ እጃቸውን አሳርፈው አነሱ፤ ወጡ። በአማርኛ ቢሆን ሁሉን አንቱ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ውሻውን ሳይቀር። ልጃቸውንም «ኬት» ብለው አይጠሩም፤ «ካተሪን» ነው የሚሉት። ሰርካዲስ ስሙን ስትሰማ መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ መስሏት ነበር። እንባ የለም፣ ምግብ የለም። ጎረቤቷ ትዝታ የቤተ ክርስቲያኗን ሰዎች ይዛ መጥታ ጸለየች፤ አመሰገኑ። ዶሮ ተሠርቶ ቀረበ፤ አመሰገኑና ሳይቀምሱት ተነሣ።

«ይህቺ ሴትዮ ካላለቀሰች ትታመማለች» አሉ ሴቶቹ ማድቤት ውስጥ። «ልቧ ድንጋይ ነው» ያለችም አለች። ሰርካዲስ ድንጋይ እንዳልሆነ ታውቃለች። እሷም አላለቀሰችም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ጎደሬ ቀቀለች። ኬት ትወደው ነበር፤ በሚያቃጥል ዳጣ እየነከረች፣ ዓይኗ እያለቀሰ ትበላው ነበር። ማርጋሬት ድንኳኑ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሰርካዲስ ሰሃኑን ጉልበታቸው ላይ አኖረች።

«አመሰግናለሁ፤ ግን አልራበኝም» አሉ ማርጋሬት።

«ፕሊዝ» አለች ሰርካዲስ።

«የእውነት አልራበኝም፣ ወይዘሮ ሰርካዲስ። ደግነትዎን አልረሳውም።»

ሰርካዲስን ንዴት ያዛት። በእናት ላይ ተናዳ አታውቅም፤ በተለይ ልጅ በሞተባት። ግን ሌሊቱን አልተኛችም፣ እግሯ አብጧል፣ ጎደሬው ደግሞ እየቀዘቀዘ ነው። ልምምዱም ንግግሩም ከራሷ ውስጥ ብን ብሎ ጠፋ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ትኩሳት ይዟት አልበላም ያለችውን ልጅ እንደምትቆጣው አድርጋ ተቆጣቻቸው።

«ካምኦን! ዩ ጎታ ኢት። ጀስት አ ቢት። ዩ ዎና ጌት ሲክ? ለሚ ዱ ኢት።» ብላ አንዱን ጎደሬ ገመሰች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ማርጋሬት ቀና ብለው አዩአት፤ ፊታቸው ነጣ።

«ምን አልሽኝ?» አሉ።

ሰርካዲስ እጇ ላይ ጎደሬ እንደያዘች ደነገጠች። ሳህሉ እንዴት አድርገው መነጽራቸውን እንደሚያወልቁ ታያት። ቶሎ ብላ አረመችው፤ «አይ አም ሶሪ። ዩ ሃቭ ቱ ኢት» አለች፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ።

«አይደለም» አሉ ማርጋሬት። «እሱን አይደለም። የቅድሙን።»

«ዩ... ዩ ጎታ ኢት» አለች ሰርካዲስ፤ «ካምኦን።»

ማርጋሬት፣ እዚህ ላይ እንኳ አንቱታው ይቅር፣ ሰሃኑን እንዳቀፈች ጎንበስ አለችና አለቀሰች። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፤ ቀጥሎ ግን ከማድቤት ተሰማ። ሴቶቹ ሽንኩርት የሚከትፉበትን ቢላ እንደያዙ እየሮጡ ወጡ። ጥቂት ቆመው አዩ፤ ከዚያ አንዷ «እሰይ፣ ተመስገን!» አለችና ከበው አብረዋት አለቀሱ። ሰርካዲስ ብቻ የቀዘቀዘ ጎደሬ ይዛ ቆማ ቀረች።

ማታ ማርጋሬት ነገሩን አስረዳቻት። ያ «ካምኦን»፣ ያ «ጎታ» የልጇ ነው፤ አወጣጡ ሳይቀር። ቃሉን ከጉሮሮ ይዞ መሃል ላይ መጣል የኬት ነበር። «ሁልጊዜ ነበር የማርማት» አለች። «ማዕድ ላይ አርማታለሁ፣ በስልክ አርማታለሁ። ቃሉን ጨርሺው፣ ሰነፍ ምላስ ነው እላታለሁ። ያንን ዳግመኛ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ ያውም እዚህ።»

ከዚያ በኋላ ሰርካዲስ ሥራዋ ማውራት ሆነ። ማርጋሬት በረንዳው ላይ ትቀመጣለች፣ ሰርካዲስ እየፈለፈለች ታወራለች፤ ስለ ኮረሪማ ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ኬት አንድ ጊዜ ባጃጅ ላይ ተኝታ አማን ድረስ ስለመወሰዷ። የሳህሉን ደንብ ረስታዋለች። ጎና ነው፣ ደኖ ነው፣ ጎታ ነው፤ ያላትን ሁሉ አወጣች። ማርጋሬት ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች፤ አንዳንዴ ፈገግ ትላለች፤ መብላትም ጀምራለች።

ሰርካዲስ ደስ ሊላት በተገባ ነበር፤ ደስም ብሏታል። ሆኖም እያደር አንድ ነገር ተገለጠላት። ማርጋሬት እሷን አይደለም የምትሰማው። ወሬው ስለ ባጃጅ ይሁን ስለ ዝንጅብል ግድ የላትም፤ በሰርካዲስ አፍ በኩል ልጇን ነው የምታዳምጠው። ይህ ቅር አሰኛት፤ ቅር ማለቷ ደግሞ አሳፈራት።

«ሬዲዮ ሆኜላታለሁ» አለቻቸው ለሳህሉ፣ ለመሳቅ እየሞከረች።

«ታዲያ ይዝፈኑላቸዋ» አሉ ሳህሉ። ወዲያው ግን ፊቷን አይተው ቀልዱን ተዉት።

ያቺን የልቧን ጥያቄ ልትጠይቅ ብዙ ጊዜ አፏን ከፍታ ነበር። ኬት ስለ እኔ አንስታ ታውቃለች ወይ? በሙሉው እንግሊዝኛ ብትጠይቅ ምርመራ ይመስላል፤ በአጭሩ ብትጠይቅ ልመና። ማርጋሬትም አሁን ድረስ «ወይዘሮ ሰርካዲስ» እያለች ነው የምትጠራት፤ እንዲህ ለሚጠራ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም። ስለዚህ ኮረሪማውን ፈለፈለች።

የመሄጃው ጠዋት ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። የእድሩ ወንዶች ድንኳኑን ሊያነሡ መጥተው ገመድ ይፈታሉ፤ ሳህሉ አግዳሚዎቹን ያስቆጥራሉ። አሞጽ መኪናውን አስነሥቷል። ማርጋሬት ሰማያዊ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ ሁሉን በየተራ ጨበጠች። ሰርካዲስ ጋ ስትደርስ እጇን በሁለት እጇ ያዘች።

«ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ ስላደረጉልኝ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ» አለች። ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

በቃ፣ አለች ሰርካዲስ በሆዷ። እንግዳ መጣ፣ እንግዳ ሄደ።

መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም። መስኮቱ ወረደ። ማርጋሬት ፊት ለፊቷን እያየች፣ እንደ ልማዷ ቃል በቃል ተናገረች። «እሑድ እሑድ ትደውልልኝ ነበር። ሰርኪ እንዲህ አለች፣ ሰርኪ እንዲህ አበላችኝ፣ ሰርኪ ተቆጣችኝ። ወሬዋ ሁሉ ሰርኪ ነበር። እኔም ሴትየዋ ሙሉ ስም ይኖራታል፣ በእሱ ጥሪያት እላት ነበር።» ከዚያ ፊቷን ወደ ሰርካዲስ መለሰች።

«ሲ ያ፣ ሰርኪ» አለች።

ማርጋሬት ቃሏን ጨርሳ ስትናገር የማይሰማ ነገር ጉሮሮዋ ውስጥ ኖሯል። ስታሳጥረው ወጣ። የእናትና የልጅ ድምፅ አንድ ነው። ሰርካዲስ የሰማችው ኬትን ነው፤ ጭቃ እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ፣ ማታ እመለሳለሁ ስትላት።

መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ የትኛውም እንግሊዝኛ አልመጣላትም። መኪናው ቁልቁለቱን ወረደ። ሰርካዲስ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ። «ኬትዬ!» አለች። «ልጄ! ልጄን!» ደረቷን መታች፤ ወር ሙሉ የያዘችው ሁሉ መጣ።

ድንኳኑን የሚያነሡት ሰዎች እጃቸው ገመድ ላይ ቀረ። አንደኛው ምሰሶ ወርዷል፣ ሸራው በግማሽ ጎን ተንጠልጥሏል። ያኔ ስለ ተከራይ የተከራከሩት ሽማግሌ ምሰሶውን እንደተሸከሙ ወደ ሳህሉ ዞሩ።

«ምን እናድርገው?» አሉ።

«መልሳችሁ ትከሉት» አሉ ሳህሉ።

«ለማን ብለን?»

ሳህሉ መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ወይዘሮ ሰርካዲስ ልጅ ሞቶባቸዋል» አሉ።

ሽማግሌው ምሰሶውን ወደ ጉድጓዱ መለሱት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየቤታቸው መምጣት ጀመሩ።